የጎረቤት መብራት

በደንበል ሐይቅ ዳር በሚገኘው ጎህ መንደር የጠዋቱ ደወል ሲደወል ሁሉም ሰው መጋረጃውን ይዘጋል። ከዚያ በየሳሎኑ የተቀመጠው ክብ መብራት ይበራል፤ ይበራል ከማለት ይርገበገባል ማለት ይሻላል። አብሮትም ቀፎ ውስጥ የታፈነ ንብ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። የታመመው ሰው ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፤ አስታማሚው ከጎኑ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ነው። በዚያ ሰዓት ከታንኳው ላይ ቀና ብሎ የሚያይ ዓሣ አጥማጅ፣ በየመጋረጃው ጠርዝ የሚንቀጠቀጠውን ብርሃን አይቶ መንደሩ በሙሉ ዓይኑን የሚያርገበግብ ይመስለዋል። ዓሣ አጥማጆቹ ግን ለምደውታል፤ ቀና የሚልም የለም።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ነበር። ወላዱ አንሶ ሽማግሌው በዝቶ ስለነበር እንዲህ ያሉ መንደሮች በየሐይቁ ዳር በቅለዋል። ያብስራና ባለቤቱ ኤልዳና ወደ ጎህ መንደር የገቡት አልዛይመር የሚሉት የመርሳት በሽታ ኤልዳናን በያዛት በሁለተኛው ዓመት ነው።

ያብስራ ጡረታ እስኪወጣ የኢንሹራንስ መርማሪ ነበር። ተቃጠለ የተባለ መጋዘን፣ ተሰረቀ የተባለ መኪና፣ ገደል ገባ የተባለ ጭነት እየመረመረ ነው የኖረው። ኤልዳና ደግሞ መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ትሸጥ ነበር፤ ኦሪጂናሉን ከኮፒው በጣቷ ዳብሳ የምትለይ ሴት። የተዋወቁት ሱቋ ተቃጥሎ እሱ ለምርመራ በሄደ ጊዜ ነው። ራሷ አቃጥላው እንዳይሆን ጠርጥሮ እየተመላለሰ ጠየቃት። በመጨረሻ ሰለቻትና፣ «ከእንግዲህ ከመጣህ ሽማግሌ ይዘህ ና» አለችው። ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሰው ስለ ጋብቻቸው ሲጠይቃት፣ «እኛን ያጋባን ጥርጣሬ ነው» እያለች ታስቅ ነበር።

መንደሩ ሲገቡ የተቀበለቻቸው ዶክተር ኑሃሚን የምትባል፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ወጣት ሐኪም ናት። ቤቱ ያለ ኪራይ መሆኑን፣ ምግቡም ሕክምናውም ከምርምር ማዕከሉ እንደሚመጣ ከነገረቻቸው በኋላ ወደ መብራቱ ጠቆመች።

«መብራቱ በሽታውን ይመልስ እንደሆነ እያጠናን ነው። ግማሾቹ መብራቶች እውነተኛ ናቸው፤ ግማሾቹ ለማወዳደሪያ የተቀመጡ ባዶ። ሁለቱም ይርገበገባሉ፣ ሁለቱም ያጉረመርማሉ። ለማን የትኛው እንደደረሰው እናንተ አታውቁም፤ እኔም አላውቅም። ዕጣውን ያወጣው ማሽን ነው። ጥናቱ ሲያልቅ ሁላችንም እኩል እንሰማለን።»

«የሚያውቅ ግን አለ» አለ ያብስራ።

«ይቅርታ፣ ጋሽ ያብስራ?»

«አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ የሚያውቅ ሰው አለ ማለቴ ነው። ሳይኖር አይቀርም።»

ዶክተሯ ፈገግ አለች። ፈገግታው የሚመጣበትና የሚሄድበት ፍጥነት እኩል ነበር። ያብስራ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ዓይነት ፈገግታ ብዙ አይቷል።

የቀረው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ቁርስ ቅንጬና ተልባ፣ ምሳ ቆሮሶ ዓሣና ጎመን። ስኳር እንዳይገባ በር ላይ ይፈተሻል። ወለሉ እርምጃን፣ ማንኪያው የእጅን መንቀጥቀጥ፣ አልጋው እንቅልፍን ይመዘግባል። ጠዋት ሲነሱ ከግድግዳው ውስጥ አንዲት ትሑት ሴት፣ «ወይዘሮ ኤልዳና፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» ትላለች። አስታማሚ መመለስ አይፈቀድለትም። ከቀትር በኋላ አዳራሽ ገብተው ስዋሂሊ ይማራሉ፤ አዲስ ቋንቋ አንጎልን ያነቃቃል ተብሏል። ስለዚህ የልጁን ስም የረሳ ሰው በመንደሩ መንገድ ላይ በስዋሂሊ ሰላምታ ሲሰጥ ማየት የተለመደ ነበር። ፀሐይ በረድ ሲል ደግሞ ሁሉም ሰው ተያይዞ በሐይቁ ዳር ይራመዳል።

ሰው እርስ በርሱ የሚያወራው ግን ስለ መብራቱ ብቻ ነው። አንዱ እውነተኛው ይሞቃል ይላል፤ ሌላው የለም፣ ዝንብ የማያርፍበት ነው እውነተኛው ይላል። ሰላምታው ራሱ ምርመራ ሆኗል። «እንዴት አደርክ? ትናንት ማን ጋ ነበር ሻይ የጠጣነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚጠብቀው መልሱን እንጂ ደህንነቱን አይደለም። የጎረቤት በሽተኛ ሲሻለው አስታማሚዎች «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉና ቤታቸው ገብተው የገዛ መብራታቸውን ያዩታል።

የያብስራና የኤልዳና የቅርብ ጎረቤቶች ኢዮሲያስና ሄመን ናቸው። ኢዮሲያስ በጉልምስናው የሠርግ ዲጄ ነበር፤ ሄመን አዋላጅ ነርስ። ሲመጡ የባሰበት ኢዮሲያስ ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ሄመን እንደ ሕፃን ታለብሰው ነበር። ከወራት በኋላ ግን አንድ ቀን በረንዳው ላይ ካርታ እያደባለቀ ያብስራን ጠራው።

«ና እስቲ ልብላህ» አለው።

በላውም። በማግስቱም አሸነፈው። የሠርጎቹን ዘፈኖች በየተራቸው ይቆጥር ጀመር፤ ሙሽራዋ የወደቀችበትን፣ ጀነሬተር የፈነዳበትን እያነሳ ሄመንን ሆዷን እስክትይዝ ያስቃታል። በአንጻሩ ኤልዳና በየሳምንቱ አንድ አንድ ነገር ትጥል ነበር፤ መጀመሪያ የቀኑን ስም፣ ከዚያ የመጸዳጃ ቤቱን በር፣ ከዚያ ሐዋሳ ያለችውን ልጃቸውን። እሷም ኢዮሲያስም አንድ ዓሣ ይበላሉ፣ አንድ መንገድ ይራመዳሉ፣ አንድ ዓይነት እንቅልፍ ይተኛሉ። ያብስራ እንደ ሥራው ዘመን አስቦ ደመደመ፤ ሁሉ ነገር እኩል ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ፣ የተለየውን ዕቃ መፈለግ ነው።

አንድ ቀን ከአዳራሽ ሲመለስ ኤልዳና በሩን በወንበር ደግፋ ዘግታ አገኛት። አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ኤልዲ።»

በመስኮት አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ለእንግዳ የሚሰጥ ጨዋነት ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ ባለቤቴ ሳይመጣ ወንድ ማስገባት አልችልም። ቆየት ብለው ይመለሱ» አለችው።

አርባ ዓመት አብራው የኖረች ሴት «እርስዎ» ስትለው ያብስራ እጁን ከበሩ አነሳ። በረንዳው ላይ ቆሞ ቀረ። ኢዮሲያስ ከጎረቤት አይቶት መጣና በመስኮቱ፣ «ኤልዳና! መኪናዬ ቆመብኝ፤ የፍሬን ሸራ አለሽ?» ብሎ ጮኸ።

«ለየትኛው ሞዴል?» አለችና ወንበሩን አንስታ በሩን ከፈተችለት።

ኢዮሲያስ ወደ ያብስራ ዞሮ ጠቀሰው። «በሱቋ በኩል ነው መግባት» አለው፣ ደስ ብሎት። ያብስራ አመሰገነው። በልቡ ግን በዚያች ደቂቃ የጠላውን ያህል ማንንም ጠልቶ አያውቅም። ደግ ስለሆነበት ነበር።

በሚቀጥለው ቀን የእግር ጉዞ ሰዓት ሲደርስ ያብስራ ጉልበቴን አመመኝ አለ። ሄመን «እኔ እይዝልሃለሁ፤ አንተ አረፍ በል» አለችና የኤልዳናን እጅ ይዛ፣ በሌላው እጇ ኢዮሲያስን ይዛ ወደ ሐይቁ ወረደች። ያብስራ በመስኮት እስኪርቁ ጠበቀ። በመንደሩ ቤቶች ላይ ቁልፍ የለም፤ በሽተኛ ተቆልፎበት እንዳይቀር ነው። መብራቱን ከሶኬቱ ነቅሎ በጋቢ ጠቀለለው፤ ወደ ጎረቤት ቤት ገባ።

ቤቱ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ነበረው። መብራታቸው እንደ ያብስራ ቤቱ ጥግ ላይ ነው የተቀመጠው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በመርማሪ ዓይኑ አያቸው። ክብደታቸው፣ ቀለማቸው፣ ገመዳቸው አንድ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ፣ የእነ ሄመን መብራት ታችኛው ጠርዙ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ጭረት ነበረችው። የራሱን በቦታው ሰክቶ የእነሱን በጋቢው ጠቅልሎ ወጣ። ሻይ ለመጠጣት ከሚበቃ ጊዜ በላይ አልፈጀበትም።

ሲመለሱ ሄመን ኤልዳናን እስከ በሩ አድርሳት፣ «ዛሬ ጎበዝ ነበረች፤ ፔሊካኖቹን አየን» አለችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት።

ከዚያ በኋላ ያብስራ እስኪመጡበት ጠበቀ። ማዕከሉ ማንኪያ ሲንቀጠቀጥ የሚያውቅ ከሆነ ይህን እንዴት ሊስተው ይችላል? በር በተንኳኳ ቁጥር የሚናገረውን ያዘጋጃል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ቴክኒሻን መጣ። ወለሉን ተመለከተ፣ የአልጋውን እግር አንኳኳ። ሲወጣ መብራቱ አጠገብ ቆም አለና በመሐረብ አቧራውን ጠረገው።

«ምን ሆነ?» አለ ያብስራ።

«አቧራ ነው አባባ፤ ደህና ይዋሉ።»

ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልተናገረም። ያብስራ ግን እንቅልፍ አጣ። በእሱ ሥራ ብዙ የሚጠይቅ መርማሪ ገና የሚፈልግ ነው፤ ምንም ሳይጠይቅ የሚሄደው ያገኘ ነው። በማግስቱ አልጋው እንቅልፍ ማጣቱን ተናግሮ ኖሮ ከቁርሱ ጋር የእንቅልፍ ሻይ ተላከለት። ጭረቷን ማንም እንዳያያት መብራቱን አዙሮ ወደ ግድግዳ አደረገው።

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ቢጫ ሲሆን የግድግዳዋ ሴት እንደ ልማዷ ቀኑን ጠየቀች። ኤልዳና ቅንጬዋን እያማሰለች፣ «ሐሙስ» አለች። ሐሙስ ነበር። ያብስራ አጋጣሚ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። በሌላ ቀን ምሳ ሲቀርብ ዓሣውን በሹካ ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «ይሄ ቆሮሶ አይደለም፤ አምባዛ ነው። አታለሉን» አለች። አዳራሽ ሄዶ ጠየቀ፤ እውነትም ቆሮሶ አልቆ አምባዛ ነበር የተሠራው። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ትኩር ብላ እያየችው አገኛት።

«ያቢ፣ በጣም ከሳህ እኮ» አለችው።

በስሙ ከጠራችው ስንት ጊዜ እንደሆነው አያውቅም። ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ውኃውን የሚያደርቅ መስሎ።

በጎረቤት ግን ካርታው ከበረንዳው ጠፋ። ኢዮሲያስ መጀመሪያ ካርታዎቹን ገልብጦ ይይዝ ጀመር፤ ከዚያ ጨርሶ ተዋቸው። በአንድ የእግር ጉዞ ላይ ከሰው መሐል ወጥቶ ከነጫማው ሐይቁ ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ። «ሙሽሮቹ እየጠበቁኝ ነው፤ ስፒከሩን አሻግሩልኝ» እያለ ይጮህ ነበር። ያብስራም ገብቶ ከሌሎች ጋር ጎትቶ አወጣው። ኢዮሲያስ በጭቃ እጁ አንገቱን አንቆ ያዘውና፣ «አንተ ነህ ሚክሰሬን የሰረቅከው» አለው። ሐኪሞቹ መጠርጠርም የበሽታው ጠባይ እንደሆነ አስቀድመው ነግረዋቸዋል። ሁሉም በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። ያብስራ ብቻ አልነቀነቀም።

በማግስቱ ሄመን መጣች። ኤልዳና ስዋሂሊ ትምህርት ላይ ነበረች። ሄመን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ግንባሯ ላይ የበለዘ ነገር አለ።

«መታኝ» አለች። «እሱ አይደለም የመታኝ፣ በሽታው ነው፤ አውቃለሁ። ያብስራ፣ አንተ ነገር ታስተውላለህ። ምን አጎደልኩ? ተልባውን ከመጠን በላይ ቆልቼው ይሆን? አንድ ሰሞን ታክቶኝ ከእግር ጉዞው አስቀርቼው ነበር፤ እሱ ነው ብለህ ታስባለህ? ልጄ ስትመጣ ደብቃ ከረሜላ ሰጥታዋለች። አንዲት ከረሜላ ሰውን እንዲህ ታደርጋለች?»

«አንቺ ምንም አላጎደልሽም» አለ ያብስራ።

«አንድ ነገርማ አጉድያለሁ። እንዲያው አይሆንም እኮ። ድኖልኝ ነበር!»

ወደ በሩ ሸኛትና በቀጥታ ወደ ዶክተር ኑሃሚን ቢሮ ሄደ።

ዶክተሯ ወንበር ሳበችለት። ያብስራ ሳይቀመጥ፣ «የመጣሁት አንድ ነገር ልናዘዝ ነው» አላት።

«ስለ መብራቱ ከሆነ ይቀመጡ» አለችው።

ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከዚያው ቀን ጀምሮ። መብራቱ የት እንዳለ ይናገራል። የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ግን እስካሁን አልተነገረኝም፤ የነገርኳችሁ እውነት ነው። ቦታ መለዋወጣቸው ብቻ ነው የደረሰን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ? ሰውየው ሐይቅ ገባ! ሚስቱን መታ!»

ዶክተሯ ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ አጋጠመች።

«ጋሽ ያብስራ፣ አንድ በሽተኛ ከተሻለው በኋላ መብራቱን ብንነጥቀው ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልገን ነበር። ይህን ግን እኛ ልናደርገው አንችልም፤ ሕጉ አይፈቅድም፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ነው የከለከለው። እርስዎ አደረጉት። ስለዚህ ጉዳዩ ወደ በላይ ተመራ። የመጣው ትእዛዝ 'ጣልቃ አትግቡ' የሚል ነው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔ ምን እላለሁ?» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ትንሽ ወረደ። «እናቴም ሌላ መንደር ውስጥ ናት፤ እሷም መብራት ፊት ትቀመጣለች። ጥናቱ ቶሎ እንዲያልቅ እፈልጋለሁ።»

«ለሁለቱም እውነተኛ ስጧቸው። አሁን ታውቃላችሁ አይደለም እንዴ!»

«ጥናቱ ሲያልቅ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ከሰጠን ምንም አላወቅንም ማለት ነው።» ተነስታ በሩን ከፈተችለት። «ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን» አለችው። ያብስራ ማመስገኗ ይሁን ማሾፏ አልገባውም። ቆይቶ ሲያስበው ማመስገኗ ነበር፤ እሱ ነው የከበደው።

ቤት ሲገባ ኤልዳና መብራቱ ፊት ተንበርክካለች። አዙራዋለች። አውራ ጣቷ ጭረቷ ላይ ነው።

«ያቢ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ሳትዞር። «ይህን መብራት አቧራ ልጠርግ ብዬ ባዞርኩት ቁጥር አንተ መልሰህ ወደ ግድግዳ ታዞረዋለህ። ለምንድነው?»

«እንዲያው ነው።»

«እንዲያው አይደለም። ሱቄ ውስጥ የለመድኩት ነገር ነው፤ የተሰረቀ ዕቃ ያመጣ ሰው ሁልጊዜ ምልክቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ኢዮሲያስ ምን ሆነ? እኔ ስነቃ እሱ ተኛ። ተቀምጬ ሳስበው ሰነበትኩ። ከየት ነው ያመጣኸው?»

ሁሉንም ነገራት። የጉልበት ሕመሙን፣ ጋቢውን፣ የሄመንን እጅ፣ የዶክተሯን ምስጋና። ሲናገር እሷ ዓይኗን ከፊቱ አላነሳችም። ሲጨርስ ጭረቷን በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት።

«አእምሮዬን ስትመልስልኝ፣ መጥቼ እንደምጠይቅህ አላሰብክም?» አለችው።

«ያሰብኩት ስሜን እንድትጠሪኝ ብቻ ነው።»

«ጠራሁህ። አሁን ተነስ፤ ገመዱን ንቀልልኝ።»

«ኤልዲ፣ ከመለስነው አንቺም ትመለሻለሽ እኮ። ያኔ ቤት አታስገቢኝም። 'እርስዎ' ነው የምትይኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ፈርቻለሁ፤ አልፈራሁም ብዬ አልዋሽህም። ግን ሰው የሰረቁትን ልብስ ለብሶ ባለቤቱ ፊት እንዴት ይሄዳል? እኔ ልሸከመው፤ አንተ ተከተለኝ።»

ሄመን በሩን ስትከፍት ኤልዳናን መብራት ታቅፋ አየቻት፤ ከኋላዋ ያብስራን። ኢዮሲያስ ከውስጥ ግድግዳውን እያየ ተቀምጧል። ኤልዳና መናገር ስትጀምር ያብስራ አቋረጣትና ራሱ ተናገረ። ሄመን ጮኻ አልሰደበችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«እኔ እሷን ይዤ በሄድኩበት ቀን ነው?»

«አዎ።»

«እንዳትወድቅ እያልኩ፣ ድንጋዩን እያሳለፍኳት...» አልጨረሰችውም። ወደ ኤልዳና ዞራ፣ «አስቀምጪው» አለች። ከዚያ የእነ ያብስራን ባዶ መብራት ከጥግ አንስታ በረንዳው ላይ አኖረችውና በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ደወሉ ሲደወል ኤልዳና ባዶው መብራት ፊት አልተቀመጠችም። ወጥታ የሄመን ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ሄመን አልከፈተችላትም። በሁለተኛው ቀንም አልከፈተችም። ኤልዳና ግን መምጣቷን አልተወችም፤ ከመጋረጃው ሥር የሚወጣውን የብርሃን ጭላንጭል እያየች ትቀመጣለች፤ አንዳንዴ የቀኑን ስም ለራሷ ትናገራለች። አንድ ማለዳ ንፋሱ ከበዳትና ስትንቀጠቀጥ በሩ ተከፈተ።

«አንቺ ምን አጠፋሽ» አለች ሄመን፤ የተቆጣች በሚመስል ድምፅ። «ግቢ። መብራቱ እንደሆነ ለአንድም ለሁለትም ያው ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ሆነ። ያብስራ ግን አልተጠራም። ኤልዳናን በጠዋት ያደርሳታል፤ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

መጀመሪያ የሚጠብቀው የማዕከሉን ሰዎች ጭምር ነበር። የእነ ሄመን ወለል የሁለት ሰው ሳይሆን የሦስት ሰው ክብደት ይቆጥራል፤ የእነ ያብስራ ቤት መብራት ማንም ሳያየው ይርገበገባል። ይህ ሁሉ ደንብ መጣስ ነው፤ ከመንደሩ የሚያስባርር። ግን ማንም አልመጣም። ቴክኒሻኑ በመንገዱ አለፈ፣ ኮፍያውን ነካ አደረገና ሄደ። ዶክተር ኑሃሚን በእግር ጉዞ ሰዓት አግኝታቸው ስለ አየሩ አወራች። ያብስራ ያኔ ገባው። አንድ መብራት ለሁለት ሰው ይበቃል ወይ የሚለውን እነሱ ሊሞክሩት አይፈቀድላቸውም፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ ሲያደርገው ግን ዝም ብሎ ማየት ብቻ ነው። ይቅርታ መጠየቁም፣ መመለሱም፣ ማካፈሉም ለእነሱ ውጤት ሆኖላቸዋል። ይህን ለኤልዳና ሲነግራት ትንሽ አሰበችና፣ «እና ለእነሱ ስል መልሼ ልስረቅ?» አለችው።

ኢዮሲያስ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ቁልፉን ይቆልፋል፤ የሠርጎቹን ዘፈን ያንጎራጉራል፤ ካርታውን ግን ዳግመኛ አልነካም፤ ያብስራንም አላወቀውም። ኤልዳና አንድ ቀን ትነቃለች፣ አንድ ቀን ትጠፋለች። በጠፋችበት ቀን «ጌታዬ» ትለዋለች፤ እሱም «አቤት እመቤቴ» እያለ ያደርሳታል።

እንዲህ ባለ አንድ ቀን፣ ኤልዳና ስሙን ሳታውቀው በሩን አልፋ ከገባች በኋላ፣ ያብስራ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በሩ ተከፈተ። ሄመን ቆማ ግራና ቀኙን አየች፤ መንገዱን፣ የመብራት እንጨቱን፣ ከእንጨቱ ላይ የተሰቀለውን የካሜራ ጥቁር ዓይን።

«ተነስ ግባ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። መብራቱን ከመለሱበት ቀን ወዲህ ስታነጋግረው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይቅር አላልኩህም። ግን ውጭ ተቀምጠህ ስታለቅስ ያንንም ይመዘግቡታል። እሱን አንስጣቸው።»

ያብስራ ዓይኑን ጠርጎ ገባ። ሄመን ሦስተኛ ወንበር ከኩሽና አመጣች፤ ከመብራቱ ራቅ አድርጋ፣ በሩ ሥር አስቀመጠችለትና መጋረጃውን እስከ ጫፉ ሳበችው።